የአላፊ መንገደኛ ጠላ፦ በሰንጋ ተራ የአገር ቤት ጠመቃ ፍለጋ፣ ምልክትና አመኔታ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ ለጥቂት ሰዓታት አዲስ አበባ ላይ የሚያርፍ መንገደኛ በእጅ የተጠመቀ የአገር ውስጥ ቢራ ለማግኘት ሲሞክር የሚገጥመውን ችግር ከመረጃ ኢኮኖሚክስ አንጻር ይመረምራል። የመመልከቻው ስፍራ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሰንጋ ተራ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ መንገደኛው የሚፈልገው መጠጥ አዲስ አበባ ውስጥ የሌለ ነገር አይደለም፤ ጠላ ነው። የጎደለው መጠጡ ሳይሆን ጥራቱን ለማያውቅ ሰው የሚናገር ምልክት ነው። ሁለተኛ፣ ይህ የመንገደኛው ችግር ብቻ አይደለም። ሰፈሩ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ የደንበኝነት ገመድ በመበጠሱ ነዋሪው ራሱ በገዛ ከተማው እንደ አላፊ መንገደኛ ሆኗል። ጽሑፉ የሚደመድመው ለተጨማሪ ጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎችን በመጠቆም ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ጠላ፣ ቢራ፣ የመረጃ አለመመጣጠን፣ ደንበኝነት፣ የከተማ መልሶ ማልማት፣ ሰንጋ ተራ

1. መግቢያ

በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል የሚያልፈው መንገደኛ ብዙ ጊዜ መድረሻው አዲስ አበባ አይደለችም። ከአንድ የአፍሪካ ከተማ ወደ ሌላው፣ ወይም ወደ እስያ፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ሲሻገር አውሮፕላን የሚቀይርባት ከተማ ናት። ቆይታው ከጥቂት ሰዓታት እስከ አንድ ሌሊት ይደርሳል። ከእነዚህ መንገደኞች መካከል፣ ከሆቴሉ ምግብ ቤት ወጣ ብሎ ከተማዋ ራሷ የምትጠምቀውን ለመቅመስ የሚሻ አይጠፋም። በብራስልስ፣ በፕራግ ወይም በናይሮቢ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ረጅም ፍለጋ አያስፈልግም። የመጠጥ ቤቱ ስም፣ የጠማቂው ስም፣ የመጠጡ ዓይነትና የአልኮል መጠን በሰሌዳ ተጽፎ ይጠብቀዋል።

በአዲስ አበባ ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ሌሎች ጥያቄዎችን ይወልዳል። «የአገር ውስጥ» የሚለው ቃል ምንን ይመለከታል? የፋብሪካውን ቦታ፣ የባለቤቱን ዜግነት፣ የእህሉን ምንጭ ወይስ የአጠማመቁን ዕውቀት? «በእጅ የተጠመቀ» ሲባልስ መለኪያው መጠን ነው ወይስ አሠራር?

ሰንጋ ተራ ለዚህ ምርመራ የተመረጠበት ምክንያት ሦስት ነው። በመጀመሪያ፣ ሰፈሩ ከአገሪቱ አንጋፋ የቢራ ፋብሪካ ብዙ አይርቅም። ሁለተኛ፣ የቀድሞው ሰፈር በአብዛኛው ፈርሶ የባንክ ሕንጻዎችና የጋራ መኖሪያ ቤቶች ስለተተኩበት፣ አሮጌው የመጠጥ ንግድ በአዲሱ ከተማ ምን እንደገጠመው ለማየት ይመቻል። ሦስተኛ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት እዚሁ ስለሚገኝ ጉዳዩ ለንግድና ለኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ከደጃፋቸው የሚጀምር የመስክ ትምህርት ነው። ጽሑፉ የቁጥር ጥናት አይደለም። የታወቁ እውነታዎችን በአንድ የንድፈ ሐሳብ ማዕቀፍ ውስጥ አስቀምጦ ጥያቄውን ለማጥራት የሚሞክር ነው።

2. መለኪያውን ማጥራት

«ክራፍት ቢራ» የሚለው አጠራር በአሁኑ ትርጉሙ የገነነው በአሜሪካ ነው። የአሜሪካ የጠማቂዎች ማኅበር አንድ ጠማቂ በዚህ ስም እንዲጠራ በዋናነት ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ የዓመት ምርቱ ከ6 ሚሊዮን በርሜል እንዳይበልጥ፣ እንዲሁም ከድርጅቱ 25 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ድርሻ ራሱ ክራፍት ጠማቂ ባልሆነ የአልኮል ኩባንያ እጅ እንዳይሆን። 6 ሚሊዮን በርሜል ወደ 7 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር ይጠጋል። ይህ ጣሪያ ለአሜሪካ ገበያ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ለኢትዮጵያ ገበያ እጅግ ይሰፋል። መጠንን ብቻ ብንከተል ከባድ ኢንዱስትሪ የሆነ ፋብሪካ ሁሉ «አነስተኛ» ተብሎ ሊገባ ይችላል።

የብሪታንያው ለእውነተኛ ኤል የሚሟገተው ንቅናቄ፣ ካምራ፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የያዘው መንገድ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። የእርሱ መለኪያ የፋብሪካው ስፋት አይደለም፤ መጠጡ በሚቀዳበት ዕቃ ውስጥ ሕያው ሆኖ መብላላቱን መቀጠሉ ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ፣ ከጋኑ እየተቀዳ ሳለ ገና የሚፈላው ጠላ ከማንኛውም የታሸገ ቢራ ይልቅ የዚህ ቤተሰብ አባል ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ አራት መለኪያዎች ተወስደዋል፦ የጠመቃው መጠን፣ የባለቤትነቱ ነጻነት፣ የግብዓቱ ምንጭ እና የዕውቀቱ ምንጭ።

3. ሦስት መልሶች

3.1 ፋብሪካው

መንገደኛው መጀመሪያ የሚያገኘው መልስ በየአስተናጋጁ አፍ ላይ ያለው ነው፤ «ጊዮርጊስ»። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. (1922 እ.ኤ.አ.) የተመሠረተ ሲሆን፣ ከሰንጋ ተራ ብዙም በማይርቀው በሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ለረጅም ዘመናት ሲጠምቅ ኖሯል። በደርግ ዘመን ተወርሶ የመንግሥት ሆነ፤ በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን አባል በሆነው ቢ.ጂ.አይ. ተገዛ። ሌሎቹም በየተራ ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። ሐረርና በደሌ በ2011 እ.ኤ.አ. ለሄኒከን ተሸጡ። ሰበታ ላይ የሚገኘው ሜታ አቦ በ2012 እ.ኤ.አ. ለብሪታንያው ዲያጆ ከተላለፈ በኋላ በ2022 እ.ኤ.አ. ወደ ካስቴል እጅ ገባ። በደብረ ብርሃን የተተከለው ሐበሻ ቢራም ብዙ ኢትዮጵያውያን ባለ አክሲዮኖችን ይዞ ቢነሣም ከሆላንዱ ባቫሪያ ጋር የተጣመረ ነው።

ይህን መዘርዘር የፋብሪካዎቹን ጥራት ለማሳነስ አይደለም። ከበርሜል የተቀዳ ትኩስ ድራፍት በጃምቦ ቀርቦ መጠጣቱ የአዲስ አበባ የማታ ሕይወት አንድ ገጽ ነው፤ ከቢሮ የወጣ ሠራተኛ ከጓደኛው ጋር የሚወያየውም እዚያ ነው። የገብሱ ብቅልም ቢሆን ከአሰላ ብቅል ፋብሪካ ጀምሮ በአገር ውስጥ እየተመረተ መጥቷል። ነገር ግን መራርነትና መዓዛ የሚሰጠው ሆፕ ከውጭ ይመጣል፤ የአጠማመቁ ዕውቀትም የአውሮፓ ላገር ቢራ ዕውቀት ነው። ከአራቱ መለኪያዎች ፋብሪካው በከፊል የሚያሟላው የግብዓቱን ምንጭ ብቻ ነው።

3.2 አነስተኛው ጠማቂ

ሁለተኛው መልስ መንገደኛውን ወደ ቦሌ ይመልሰዋል። በኤድና ሞል አቅራቢያ የሚገኘው ቢር ጋርደን ኢን የራሱን ቢራ እዚያው በጀርመን ስልት ጠምቆ ያቀርባል። ጋርደን ብሮይ በሚል ስም የሚታወቁት መጠጦቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ፈካ ያለው ብሎንዲ እና ጠቆር ያለው ኢቦኒ ይባላሉ። በመጠንና በአጠማመቅ ቅርበት ሲታይ በዓለም አቀፉ አነጋገር «ክራፍት» ሊባል የሚገባው ይህ ነው። ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ መሆኑም ጊዜ ላነሰው ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁንና የዕውቀቱ ምንጭ ባቫሪያ ነው። መንገደኛው ከሙኒክ የመጣ ቢሆን፣ የቀመሰው ነገር የገዛ አገሩን በአዲስ አበባ ውኃ ነው።

3.3 ጠላ

ሦስተኛውን መልስ አስተናጋጁ በቀላሉ አይሰጥም፤ ቢሰጥም «እሱ ለአንተ አይሆንም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያክልበታል። ጠላ በትንሽ በትንሹ ይጠመቃል፤ የጠማቂዋ የግል ንብረት ነው፤ ገብሱ፣ ስንዴው፣ በቆሎውና ጌሾው የአገር ውስጥ ነው፤ ዕውቀቱም ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ነው። አራቱንም መለኪያዎች ያሟላል። ዘመዶቹም ብዙ ናቸው፤ የትግራይ ስዋ፣ የኦሮሞ ፋርሶ፣ የጎንደር አካባቢ ኮረፌ፣ የደቡቡ ቦርዴ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አሠራርና ጣዕም አላቸው። ታዲያ አራቱንም የሚያሟላው መጠጥ ለምን ለመገኘት በጣም አስቸጋሪ ሆነ?

4. አሠራሩና የጥራቱ መለዋወጥ

መልሱ በከፊል ከአሠራሩ ይጀምራል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ይታጠባል፤ ከዚያም በወይራ እንጨት ይታጠናል። ጢሱ ለመጠጡ መዓዛ ከመስጠቱም በላይ የማይፈለጉ ተሕዋስያንን ይቀንሳል። ቀጥሎ የተወቀጠ ጌሾና ብቅል በውኃ ተዘፍዝፎ ለተወሰኑ ቀናት ይቀመጣል፤ ይህ ጥንስስ ነው። ተቆልቶ የተፈጨው አሻሮ በውኃ ታሽቶ ሲበስል እንኩሮ ይሆናል፤ ከጥንስሱ ጋር ሲቀላቀል ድፍድፍ ይባላል። በመጨረሻም ውኃ ተጨምሮበት አየር እንዳይገባ ይከደናል። ገና ሳይጠራ ሲቀዳ ጉሽ ነው፤ ሲረጋ የጠራ ጠላ ይሆናል። ከድፍድፉ ላይ ሁለተኛ ውኃ ሲጨመርበት የሚገኘው ቀጭኑ መጠጥ ቅራሪ ነው። የቀረው አተላ ለከብት ይሰጣል።

ጌሾ ሆፕ በቢራ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ በከፊል ይሠራል። መራርነቱ የሚመጣው ገሾይዲን ከተባለው ውሁድ ነው። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጡት በተለይ ሳካሮማይሲስ የሚባሉት እርሾዎች ሲሆኑ፣ ኮምጠጥ የሚያደርጉት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጠላው ከዕድሜው ሲያልፍና አየር ሲነካው ደግሞ የኮምጣጤ ባክቴሪያዎች ይረከቡታል። እርሾው ከውጭ የሚገዛ አይደለም፤ ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከዕቃው ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። በጥናቶች የሚጠቀሰው የጠላ የአልኮል መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ሲሆን፣ ፍልትር የሚባለው ጠንካራ ጠላ ከ5 በመቶ በላይ ይደርሳል።

ከዚህ ሁለት መደምደሚያ ይወጣል። አንደኛ፣ የአንዲት ጠማቂ ጠላ ከጎረቤቷ ጠላ ይለያል፤ የእርሷም የማክሰኞው ከቅዳሜው ይለያል። ሁለተኛ፣ ጠላ የሚጠጣበት ትክክለኛው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ «የት?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «መቼ ተጠመቀ?» የሚለው እኩል ይመዝናል። ለፋብሪካ ቢራ ጠርሙሱ ላይ የታተመው ቀን የሚመልሰውን፣ ለጠላ የሚመልስ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጠማቂዋ።

5. ፍለጋ፣ ምልክትና ደንበኝነት

ጆርጅ ስቲግለር በ1961 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ መረጃ ራሱ ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን አሳይቷል። ገዢ የሚፈልገው የፍለጋው ጥቅም ከፍለጋው ወጪ እስኪያንስ ድረስ ነው። ፊሊፕ ኔልሰን በ1970 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ሲያስፋፋ ሸቀጦችን ለይቷል፤ ከመግዛት በፊት በማየት የሚታወቁና ከተጠቀሙ በኋላ ብቻ የሚታወቁ ብሎ። በዚያው ዓመት ጆርጅ አከርሎፍ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ ጥሩው ዕቃ በመጥፎው ሊገፋ እንደሚችል በአሮጌ መኪና ምሳሌ አስረዳ።

ጠላ ከተቀመሰ በኋላ ብቻ የሚታወቅ ሸቀጥ ነው። እንዲህ ላለው ሸቀጥ የመንደር ኢኮኖሚ የራሱ መፍትሔ ነበረው፤ ደንበኝነት። ደንበኛ ዛሬ መጥፎ ከቀመሰ ነገ አይመለስም፤ ለጓደኛውም ይናገራል። ጠማቂዋም ይህን ስለምታውቅ ያረጀ ጠላ ለደንበኛዋ አትቀዳም። ጥራቱን የሚጠብቀው ተቆጣጣሪ ሳይሆን የነገው መመለስ ነው። አላፊ መንገደኛ ግን ነገ የለውም። አንድ ጊዜ ጠጥቶ ይሄዳል፤ ከመሄዱ በፊትም ብዙ ቤት ለመቅመስ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ያለችው ገበያ ለእርሱ አልተሠራችም።

ሌሎች ሸቀጦች ይህን ችግር በምን ፈቱት? የሰፈራችን ስም ራሱ አንዱን መልስ ይዟል። ሰንጋ የሰባ በሬ ነው፤ ተራ ደግሞ አንድ ዓይነት ሸቀጥ የያዙ ሻጮች ጎን ለጎን የሚሰለፉበት ቦታ። ዶሮ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ የሚሉት ስሞች ሁሉ ከኢኮኖሚክስ አንጻር ሲታዩ የፍለጋ ወጪን የሚቀንሱ ተቋማት ናቸው። ገዢው አንድ ቦታ ቆሞ ያወዳድራል። የሰንጋውን ሽንጥ ዳብሶ፣ ጥርሱን አይቶ ይገዛል። ጠላ ግን በየቤቱ ስለሚጠመቅና ከጋኑ ስለማይርቅ በተራ አልተሰለፈም። ፋብሪካው በበኩሉ ችግሩን በስምና በማኅተም ፈታው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ በብሮድካስት እንዳይተላለፍ ከከለከለ በኋላም ቢሆን ስሙ በየደጁ፣ በየጥላውና በየብርጭቆው ላይ ይታያል።

ጠላ ቤት ያለው ምልክት በበሩ አጠገብ በቆመ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ወይም ኩባያ ነው። ይህ ምልክት ጠላ መኖሩን ይናገራል፤ ጥራቱን አይናገርም። ጥራቱን የሚናገረው ምልክት ከበሩ በኋላ፣ በሥነ ሥርዓቱ ውስጥ ነው። አሳላፊዋ ጥቂት በመዳፏ ላይ አንቆርቁራ በእንግዳው ፊት ትቀምሳለች። ብዙዎች ይህን ልማድ የትሕትና ምልክት ብቻ አድርገው ያዩታል። በመረጃ ኢኮኖሚክስ ቋንቋ ግን ሻጩ ከገዢው ጋር አደጋውን የሚካፈልበት፣ ስለዚህም ሊታመን የሚችል ምልክት ነው። መንገደኛው ይህን ምልክት እንዲያነብ የሚያስተምረው ካለ፣ ካሰበው የበለጠ መረጃ ያገኛል።

6. የሰፈሩ መለወጥና የተበጠሰው ገመድ

እስካሁን የተባለው የመንገደኛውን ችግር ያስረዳል። ሰንጋ ተራ ላይ የሚታየው ግን ከዚህ ያለፈ ነው። የሰንጋ ተራ–ፍርድ ቤት አካባቢ በከተማው መልሶ ማልማት ዕቅድ ከተካተቱት የመሐል ከተማ ሰፈሮች አንዱ ነው። የቀበሌ ቤቶቹ ፈርሰው ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ወደ ከተማዋ ዳር ተበተኑ። በቦታው የባንክና የኢንሹራንስ ዋና መሥሪያ ቤቶች ተነሡ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የሰንጋ ተራ 40/60 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለባለ ዕድለኞች ተላለፉ።

ስለ መልሶ ማልማት ብዙ የተጻፈው በካሳና በምትክ ቤት ዙሪያ ነው። ቤቱ ይለካል፤ ቆርቆሮውና ጭቃው ይገመታል። በግምቱ ውስጥ የማይገባው ደንበኛ ነው። ጠላ በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ካፒታሏ ጋኗና እንስራዋ ብቻ አይደለም። «የእሷ ጠላ ይታመናል» የሚል ለዓመታት የተከማቸ ስም ነው። ይህ ስም ከሰፈሩ ሲነቀል በመኪና ተጭኖ አይሄድም። አዲስ ሰፈር ስትደርስ ዕውቀቷ አብሯት አለ፤ የሚያምናት ግን የለም። እንደገና ከዜሮ ትጀምራለች።

ቢሆንስ የት ትጠምቃለች? የጠላ ጠመቃ እሳት፣ ጢስ፣ ብዙ ውኃና አተላ የሚደፋበት ቦታ ይፈልጋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ጋን ማጠን ከጎረቤት ጋር ያጣላል። በቀደሙት የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ የሚሆን የጋራ ሕንጻ መታሰቡ የሚመሰገን ነው፤ ለጠመቃ ግን አልታሰበም።

በሌላ በኩል የቀረው ወይም አዲስ የመጣው ነዋሪም አንድ ነገር አጥቷል። ግንቦት 1 ቀን ለልደታ ጎረቤት ተሰብስቦ ደጅ ላይ ንፍሮውንና ጠላውን ሲካፈል፣ ጠላው የማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ዛሬ በሰንጋ ተራ ሕንጻ ውስጥ የሚኖር ሰው ለማኅበር ወይም ለዝክር ጥሩ ጠላ ሲፈልግ ስልክ ይደውላል፤ ዘመድ ይጠይቃል፤ ካልተሳካለት በሣጥን ቢራ ይገዛል። እርሱም ከቦሌ እንደመጣው መንገደኛ የሚያምነው ምልክት የለውም። ልዩነቱ መንገደኛው ለአንድ ቀን፣ እርሱ ግን ለዘለቄታው መሆኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይህ ነው፤ የመንገደኛው ጥያቄ የከተማዋን የመረጃ ገበያ የሚለካ መሣሪያ ነው። እንግዳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊያገኘው የማይችለውን ነገር፣ የተፈናቀለ ነዋሪም በብዙ ድካም ነው የሚያገኘው።

7. ተግባራዊ ንባብ፦ ስድስት ሰዓት ያለው ሰው

ከላይ የተባለውን ወደ ተግባር ለመለወጥ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ስድስት ሰዓት ያህል ቆይታ ያለውን ተመራማሪ እንውሰድ። ከዚህ ላይ ለፓስፖርት ቁጥጥርና ለመመለሻ ፍተሻ የሚውለው ተቀንሶ የሚቀረው የከተማ ጊዜ ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። የከተማው ቀላል ባቡር ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ ላይ ቢቆምም እስከ አውሮፕላን ማረፊያው አይዘልቅም። ስለዚህ ጉዞው በታክሲ ነው፤ በመውጫና በመግቢያ ሰዓት መንገዱ መጨናነቁም በስሌቱ መግባት አለበት።

ጊዜው ከዚህ ካነሰ በቦሌ የሚገኘው አነስተኛ ጠማቂ ምክንያታዊ ምርጫ ነው፤ የፍለጋ ወጪው ዝቅተኛ፣ ውጤቱም የተረጋገጠ ነው። ሦስት ሰዓት ካለ ግን የፍለጋውን ወጪ የሚቀንሱ ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ደንበኝነትን መዋስ ነው። በከተማዋ የሚኖር የሥራ ባልደረባ ወይም ተማሪ ይዞት ሲሄድ፣ መንገደኛው የዚያን ሰው የነገ መመለስ እንደ መያዣ ይጠቀማል። ሁለተኛው ቀኑን መምረጥ ነው። የዓመት በዓልና የንግሥ ማግስት ጋኑ ሙሉ፣ ጠላው በጊዜው የሆነበት ነው፤ በዐቢይ ጾም ውስጥ ግን ምርጫው ይጠባል። ሦስተኛው መጠየቅን ማወቅ ነው። «እትዬ፣ መቼ ነው የተጠመቀው? ጉሽ ነው የጠራ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ፣ ዐዋቂ ሆኖ ስለሚታይ ከእንስራው ግርጌ አይቀዳለትም። አሳላፊዋ ስትቀምስ አይቶ፣ አሽትቶ፣ ከዚያ መጎንጨት ነው። የኮምጣጤ ሽታ ካለው በትሕትና ማስቀመጥ ነውር የለበትም። የሚጠራጠር ሆድ ያለው ሰው ደግሞ ጠላ በቧንቧ ውኃ የሚቀጠንና ያልተፈላ መሆኑን አስቦ ቢጠነቀቅ፣ በተለይ ረጅም በረራ ከፊቱ ካለ፣ አይፈረድበትም።

8. ለተጨማሪ ጥናት

ለዚህ የመረጃ ክፍተት መፍትሔ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ጠላን በጠርሙስ ማሸግ ነው። ማሸግ ግን መፍላቱን ያስቆማል ወይም ጠርሙሱን ያፈነዳል። ከተሳካም የሚወጣው ሌላ መጠጥ ነው፤ ትርፉም ወደ ጠርሙስ ማሸጊያው ባለቤት እንጂ ወደ ጠማቂዋ አይሄድም። ከዚህ ይልቅ የሚከተሉት ሊጠኑ ይገባል። በመጀመሪያ፣ በልማት የተነሡ ጠላ ሻጮች በአዲሱ ሰፈራቸው የቀድሞውን ገቢ ለማግኘት ስንት ጊዜ ወሰደባቸው? ይህ በቃለ መጠይቅ ሊለካ የሚችልና ለካሳ ሥርዓቱ ቀጥተኛ ትርጉም ያለው ጥያቄ ነው። ሁለተኛ፣ በጋራ መኖሪያ ግቢዎች የጋራ መጥመቂያ ቤት ቢኖር የጢሱን፣ የውኃውንና የአተላውን ችግር ምን ያህል ያቃልላል? ሦስተኛ፣ የውኃና የንጽሕና ምርመራ ያለፈች ጠማቂ በጣሳዋ እንጨት ላይ የምትሰቅለው የታወቀ ምልክት ቢሰጣት፣ ለእንግዳ ያላት ተዓማኒነት ይጨምራል ወይስ ለቁጥጥርና ለግብር በመጋለጧ ከገበያ ያስወጣታል? የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ቀድሞ የሚታወቅ አይደለም፤ ስለዚህም በጥንቃቄ ሊጠና ይገባዋል።

የባህል ዕውቅና ጉዳይም አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የቤልጂየምን የቢራ ባህል በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አስገብቷል። ለመዝገቡ የበቃው የመጠጡ ጣዕም ብቻ አይደለም፤ በመጠጡ ዙሪያ ያለው የጠማቂዎች ዕውቀትና የማኅበረሰቡ ልማድ ነው። ለጠላ የሚቀርብ ማንኛውም ሰነድ ጋኑን ፎቶ ከማንሣት አልፎ ጠማቂዋ የምትኖርበትን፣ የምትጠምቅበትንና የምትሸጥበትን ሁኔታ ካልመዘገበ ጎዶሎ ይሆናል።

9. ማጠቃለያ

ለአጭር ጊዜ ያረፈ መንገደኛ «ጥሩ የአገር ውስጥ ቢራ የት አገኛለሁ?» ሲል የሚጠይቀው ቀላል ጥያቄ ሦስት መልስ እንዳለው ታይቷል። ፋብሪካው በስሙ ይታመናል፤ አነስተኛው ጠማቂ በቅርበቱና በሚታየው አሠራሩ ይታመናል፤ ጠላ ግን የሚታመነው በጠማቂዋ ብቻ ነው። እርሷን ከደንበኞቿ የሚነጥል ማንኛውም የከተማ ዕቅድ፣ ምንም ዓይነት ክልከላ ሳያወጣ፣ መጠጡን ከከተማው መሐል ያስወጣዋል። ሰንጋ ተራ ላይ በሬው ከሄደ ቆይቷል፤ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ጠላው ግን ገና ከከተማዋ አልጠፋም። የት እንደሄደና ማን እንደሚጠምቀው መመዝገብ፣ ጠማቂዎቹ በሕይወት ሳሉ ሊሠራ የሚችልና ሊሠራ የሚገባው የምርምር ሥራ ነው።